የሥሮቹ ሰዓት

ፋና ወገኔን ያወቅኋት ዳንግላ ውስጥ በአንድ መሰናዶ ትምህርት ቤት አብረን ስናስተምር ነው። እሷ ባዮሎጂ፣ እኔ አማርኛ። በመምህራን ማረፊያው ጠረጴዛዋ መስኮቱ ሥር ነበር። ቦታውን የመረጠችው ለብርሃኑ ሳይሆን ኔትወርኩ እዚያ ጋ ትንሽ ስለሚሻል ነው። አብዛኞቻችን የእረፍት ሰዓቱን ስለ ዝውውርና ስለ ደረጃ እድገት በማውራት ስንጨርሰው፣ እሷ ላፕቶፗን ከፍታ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ትጽፋለች። ከዚያ ዘግታው ወደ ክፍል ትገባለች። የጻፈችው ትእዛዝ ባሕር ዳር ባለ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ይውላል። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ውጤቱን ታያለች፤ መብራት ካልጠፋና መስመሩ ካልተቆረጠ።

የተወለደችው እንጅባራ አጠገብ፣ ዘንገና አካባቢ ነው። በቤታቸው የሚነገረው አዊኛ ሲሆን አማርኛን የያዘችው እንጅባራ ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። ባሏ ይሄይስ ዳንግላ ላይ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል፤ እሱ ባደገበት ቤት የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው። “ስትደሰት በሁለቱም ታወራለች፤ ሲከፋት ግን ዝም የምትለው በአዊኛ ነው፤ እኔ አይገባኝም” እያለ ይቀልድባት ነበር። ፋና ትስቃለች።

በእነዚያ ዓመታት የሁለተኛ ዲግሪዋን ባሕር ዳር ትማር ነበር። ትምህርቱን ጨርሳ የቀራት የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። በዚሁ ጊዜ እንጅባራ ላይ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ መምህራን መቅጠር ጀመረ። የሚፈለገው ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ለፋና ይህ ማለት እናቷ ካለችበት በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ መሥራት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኔትወርክ ለመፈለግ መስኮት ሥር አለመቀመጥ ነው። ሌላ ነገር እንደዚያ ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም።

ምን እንደምታጠና አንድ ቀን ጠየቅኋት። ባዮኢንፎርማቲክስ የሚለውን ቃል ከነገረችኝ በኋላ እንዳልገባኝ አይታ በሌላ መንገድ ጀመረች። አንድ ገበሬ ቤት ግባ አለችኝ። ግድግዳው ላይ ሁሉም ዕቃ ተሰቅሏል፤ ማጭዱ፣ ጠፍሩ፣ ወንፊቱ፣ ገሳው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነሳም። ገሳው ከተሰቀለበት ከሌለ ውጭ ዝናብ ነው። ማጭዱ ከሌለ አጨዳ ነው። አንተ ውጭውን ሳታይ የጎደለውን ዕቃ አይተህ ውጭ ምን እንዳለ ታውቃለህ። በእያንዳንዱ የተክል ሕዋስ ውስጥም ዘረመሎች ሁሉ ተሰቅለው አሉ፤ ችግር ሲመጣ ለዚያ ችግር የሚሆኑት ብቻ ይነሳሉ። የተነሳው ዘረመል ቅጂውን ያወጣል፣ በቅጂው ፕሮቲን ይሠራል፣ ፕሮቲኑ ሥራውን ይሠራል። “እኔ የማደርገው ቅጂዎቹን መቁጠር ነው” አለችኝ። “ከዚያ ምን እንደተነሳ አያለሁ።”

ችግሩ የአገሩ አፈር ነበር። በእንጅባራ ዙሪያ ያለው መሬት ከዝናቡ ብዛት ኮምጥጧል፤ ገብሱ እየቀጨጨ፣ ሥሩ እያጠረ መጥቷል። የኮመጠጠ አፈር አሉሚኒየምን ይለቃል፣ እሱ ደግሞ የሥሩን ጫፍ ያቃጥለዋል። ብዙ ገበሬ ገብሱን ትቶ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሏል። የፋና የእናቷ ወንድም አበረ ግን ከአባቱ የወረሰውን ጥቁር ገብስ አሁንም ይዘራል። ገብሱ ብዙ አይሰጥም፣ ሆኖም ሌላው ሲጠፋ አይጠፋም። ፋና የጠየቀችው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ይህ ገብስ ኮምጣጣ አፈር ውስጥ ሲገባ የትኞቹ ዘረመሎች ይነሳሉ? በሌላ አገር የገብስ ዓይነቶች ላይ የታወቀ አንድ ፕሮቲን አለ። በሥሩ ጫፍ ላይ እንደ በር ሆኖ፣ ሎሚ ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ ወደ አፈሩ ይለቃል፤ አሲዱ አሉሚኒየሙን ያስረዋል። የዚያ በር ዘረመል በጥቁሩ ገብስ ውስጥ ነቅቶ ከተገኘ ጽሑፏ ዋጋ አለው።

በሰኔ 2009 ዓ.ም. አበረ ለዲከረንስ ያሰበውን ቁራሽ መሬት ለአንድ ክረምት ለቀቀላት። ሁለት ማሳ ሆኖ ተከፈለ። አንዱ ኖራ ተነሰነሰበትና ኮምጣጣነቱ ተቀነሰ፤ ሌላው እንዳለ ቀረ። በሁለቱም ላይ ያው ጥቁር ገብስ ተዘራ። ፋና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባ ስለነበር አበረ ማሳው ዳር በርጩማ አውጥቶ አስቀመጣት፤ ከዚያ ሆና የትልሙን ርቀት ታዝዝ ነበር።

በሐምሌ መጀመሪያ ወለደች። ሴት ልጅ ናት፣ ዮርዳኖስ ተባለች። ሥሮቹ ከማሳው የሚወጡበት ቀን ሲደርስ እሷ ዳንግላ ቤቷ ውስጥ አራስ ነበረች፤ ልጇ ክርስትና እስክትነሳ ከቤት አትወጣም። የዕቅዱ ቀን የጥናቱን ወጪ ከሚሸፍነው የውጭ ፕሮጀክት የመጣ ስለነበር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። ስልኳ ላይ ጁላይ 26 ብላ መዝግባዋለች፤ ቀኑ ረቡዕ ነው። ሥራውን ለአስማረ ሰጠችው። አስማረ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነው፤ ከእንጅባራ በባጃጅ እየሄደ ማሳውን ሲከታተልላት የቆየው እሱ ነበር። በስልክ አስረዳችው። ረቡዕ ጠዋት፣ ከሁለቱም ማሳ፣ ሥሩን ሳትጎዳ አውጣ፤ እጠበው፤ ጫፉን ቆርጠህ ብልቃጡ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ውስጥ ክተት። ፈሳሹ ሥሩን በዚያች ደቂቃ ባለበት ያቆየዋል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አይለወጥም። አስማረ እሺ አለ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብልቃጦቹን በበረዶ ሣጥን አድርጎ ዳንግላ ድረስ ይዞላት መጣ። እንዳልሽው አድርገናል አላት። ይሄይስ ጠላ ቀዳለት፤ ጠጥቶ ሄደ።

ብልቃጦቹ በባሕር ዳር በኩል ወደ ውጭ አገር ተላኩ። እዚያ ያሉ መሣሪያዎች ከየሥሩ የወጡትን ቅጂዎች አነበቧቸው። በየካቲት ንባቡ ተመልሶ ሲመጣ አራት ፊደላት ብቻ የሚመላለሱበት፣ ለሰው ዓይን ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ክምር ነበር። ፋና ሥራዋን የጀመረችው ከዚያ ነው። በመጀመሪያ የተበላሹትን ንባቦች አስወገደች። ቀጥላ እያንዳንዱን ቁራጭ ከገብስ ሙሉ የዘረመል ካርታ ጋር አስተያየችና የየት እንደሆነ ለየች። ከዚያ በየዘረመሉ ስንት ቅጂ እንደወደቀ ኮምፒውተሩ ቆጠረላት። በመጨረሻ የሁለቱን ማሳዎች ቁጥር አነጻጸረች። በጽሑፍ ቀላል ይመስላል፤ ጊዜዋን ግን እስከ ፋሲካ ወሰደባት። ሕፃኗን ታቅፋ በአንድ እጇ ስትጽፍ አይቻታለሁ።

ውጤቱ የሚያምር ነበር። እያንዳንዱን ብልቃጥ እንደ አንድ ነጥብ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ የሚመሳሰሉት ይቀራረባሉ፣ የሚለያዩት ይራራቃሉ። ኖራ ያለበት ማሳ ነጥቦች በአንድ በኩል፣ የሌለበት በሌላ በኩል ተሰብስበው በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ቦታ ነበር። የተለያዩት ዘረመሎች ሺዎች ናቸው። አማካሪዋ ዶክተር ብሥራት ሥዕሉን ባየ ጊዜ ደውሎ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከእርሻ ላይ የመጣ እንዲህ የጠራ ውጤት አይቼ አላውቅም አላት። ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ቀን ለሰኔ ተያዘ። የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻም የሚዘጋው በዚያው ወር ነው። ይሄይስ እንጅባራ ላይ የሚከራይ ቤት መጠየቅ ጀመረ።

ያን ሰሞን ፋና ደስተኛ ነበረች። ሥዕሉን ለኔም አሳየችኝ። ትዝ የሚለኝ ግን እሷ ራሷ ሥዕሉን ትክ ብላ ስታየው ነው። “እርሻ እንዲህ አይደለም” አለች። “አንዱ ጥግ ይረጥባል፣ አንዱን ትል ይበላዋል። አንድ እንኳ የሳተ ነጥብ የለም።” እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።

በሚያዝያ የቀራት ሥራ ከሺዎቹ ውስጥ ልዩነታቸው የጎላውን ማወቅ ነበር። የአንድ ዘረመል ፊደል ብቻውን ምንም አይናገርም። የሚሠራው ፕሮቲን ምን እንደሚመስል ተገምቶ፣ ሌሎች ሰዎች በሌሎች ተክሎች ላይ አጥንተው በይፋ ካስቀመጧቸው ፕሮቲኖች ጋር ይተያያል። ዘመዱ ከተገኘ ሥራው ይገመታል። ፋና እንደ ልዩነታቸው መጠን ደርድራቸው ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ አስተያየች። በሩን ፈለገችው፤ እላይ የለም። ሥር የሚያጠነክሩ ፕሮቲኖችን ፈለገች፤ እነሱም የሉም። በመጀመሪያው ረድፍ የተቀመጠው ፕሮቲን ከአሲድም ከአሉሚኒየምም ጋር ግንኙነት የለውም። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሁሉም ተክል ውስጥ ጎሕ ሲቀድ የሚነሳ ፕሮቲን አለ፤ ቀን ቀን ይወርዳል። ሲመሽ ደግሞ እሱን የሚተካ ሌላ ይነሳል። አናት ላይ የነበሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ተክሉ ቀንና ሌሊትን የሚያውቅባቸው። ኖራ ባለበት ማሳ ሥሮች ውስጥ የጠዋቱ ተነስቷል። ኖራ በሌለው ውስጥ የማታው።

ሁለቱ ማሳ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት ወጥተው ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር።

ስህተቱ ያለው ስሌቱ ላይ ይሆናል ብላ ከመጀመሪያው ደገመችው። ያው ወጣ። ከዚያ ሌሎች ሰዎች በየሰዓቱ ነቅለው ያጠኑትን የገብስ መረጃ ከኢንተርኔት አወረደች፤ ለማውረድ ብቻ ቀናት ፈጀባት። የራሷን ሥሮች ከዚያ ጋር አስተያየች። ኖራ የሌለበት ማሳ ከምሽቱ ናሙና ጋር ገጠመ፤ ኖራ ያለበት ከንጋቱ። ያገኘችው የአፈር ልዩነት አልነበረም። የአፈሩ ልዩነት ውስጡ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፤ ከሰዓቱ ልዩነት ለይቶ ማየት ግን አይቻልም።

ለአስማረ መደወል ትችል ነበር፤ አልደወለችም። ቅዳሜ ልጇን አዝላ በሚኒባስ እንጅባራ፣ ከዚያ በባጃጅ ዘንገና ሄደች። ይህን ሁሉ በኋላ የነገረችኝ እሷ ናት፤ የአበረን አነጋገር ከነድምፁ ታስመስለው ነበር።

አበረ ደጁ ላይ ተቀምጦ የኮርቻ ጠፍር ይሰፋል። ሕፃኗን ተቀብሎ ሳማት፣ መልሶ ሰጣት፣ ወደ ጠፍሩ ተመለሰ። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። ከዚያ ፋና ጠየቀችው።

“አጎቴ፣ የሐምሌውን ሥር ስታወጡ፣ ኖራ የሌለበትን ያወጣችሁት ሲመሽ ነው አይደል? ያኛውን ደግሞ ጠዋት።”

አበረ መርፌውን ጠፍሩ ላይ ሰክቶ ተወው። “አስማረ ነገረሽ?”

“አስማረን አልጠየቅሁትም።”

“ታዲያ ማን ነገረሽ? እኔና እሱ ብቻ ነበርን።”

“ሥሮቹ ናቸው።”

ቀልድ መሆኑን ለማየት ፊቷን አየ። “አሁን የገብስ ሥር ሰው ላይ ያሳብቃል?”

ከዚያ ሳይደብቅ ነገራት፤ የሚደበቅ ነገር መሆኑንም አያውቅም። አስማረ የመጣው ማክሰኞ ነበር፤ ለረቡዑ ሊዘጋጅ ነው የመጣው። አበረ ረቡዕ መባሉን የሰማው ያኔ ነው። ረቡዕ ሐምሌ 19፣ ገብርኤል ነው። የሰፈሩ ደብርም የገብርኤል ነው፤ ታቦቱ ይነግሣል። በዚያ ቀን በዚያ ሰፈር መሬት የሚነካ ሰው የለም፤ አበረ ቤት ደግሞ በዓሉ የሚገባው ከዋዜማው፣ ጀምበር ስትጠልቅ ነው። አስማረም የአገሩ ልጅ ስለሆነ አልተከራከረም። ዝናቡ ጋብ ሲል በዓሉ ሳይገባ እንጨርስ ብለው ተነሱ። ኖራ የሌለበትን ማሳ አውጥተው እንዳበቁ መሸ። አስማረ በስልኬ መብራት ያኛውንም እንቀጥል አለ፤ አበረ መብራትህን አጥፋው አለው። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ኖራ ያለበትን አወጡ።

ፋና ሐምሌ ገብርኤልን አጥታው አልነበረም። በልጅነቷ አዲስ ቀሚስ የምትለብስበት ቀን ነው። ግን በዚያ ክረምት አራስ ስለነበረች ቤተ ክርስቲያን አትሄድም፤ በስልኳ ላይ ደግሞ የነበረው ጁላይ ነው። ለአስማረም ረቡዕ አለችው እንጂ ሐምሌ 19 አላለችውም። ቀኑን በሐምሌ ብትጠራው ኖሮ ከአፏ ሳይወጣ ታውቀው ነበር።

አበረ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሥሩ ይህን ካወቀ ያንንም ያውቃል። የመጨረሻዋ ትልም የወጣችው ጀምበር ሳትገባ ነው ወይስ ከገባች በኋላ? ያን ቀን ደመና ነበር። እኔ ሳትገባ ነው ያቆምኩት። አስማረ ግን ገብታለች እያለ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።”

ፋና ዘረመሉ ያን ያህል አጥርቶ እንደማያይ ነገረችው። መምሸቱን ያሳያል፤ ጀምበሯ የገባችበትን ቅጽበት ግን አይለይም።

“እንኳን አልለየ” አለ አበረ። “ለሥሩም ለኛም ይሻላል።”

ቀጥሎ፣ ታዲያ ምን ተበላሸ ብሎ ጠየቃት። ልታስረዳው ሞከረች። አዳመጣትና፣ ገብሱ ያው ገብስ ነው፣ ሥሩም ያው ሥር ነው፤ አስማረ አይናገር፣ እኔ አልናገር፣ ፈረንጁ በምን ያውቃል አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ ለእህቱ ልጅ እንዲያልፍላት ነው የፈለገው። ያለውም እውነት ነው። ጽሑፉን የሚፈትኑት ሰዎች የሚያዩት አንድ ቀን፣ አንድ ጠዋት ተብሎ የተጻፈውን ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ ትታ ወደ ታች ብትወርድ ስለ ሥርና ስለ አሲድ የምትጽፈው አታጣም፤ ከሺዎች ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም። በር የተባለው ዘረመል እንኳ በኮምጣጣው ማሳ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። ያንን ይዞ መሄድ ይቻላል። ከዚያ እንጅባራ ነው።

ከዚያ ወዲያ ባለው ሰሞን መስኮቱ ሥር ስትቀመጥ ላፕቶፑን አልከፈተችም። የተማሪዎች ፈተና ታርማለች። ይሄይስ የሚከራይ ቤት እንዳገኘ ሲነግራት እስቲ ቆይ አለችው። ምን እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም ያው በአዊኛ ዝም ብላለች ብሎ ተዋት።

በግንቦት መጀመሪያ ባሕር ዳር ወርዳ ለዶክተር ብሥራት ሁሉንም ነገረችው። ብሥራት ሥራ የበዛበት፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ሥዕሎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ለረጅም ጊዜ አያቸው። የጠዋቱንና የማታውን ፕሮቲን ራሱ አስተያየና ትክክል መሆኗን አመነ። ቀጥሎ የቀረውን ማስላት ጀመረ። አዲስ ናሙና አውጥቶ ለማስነበብ ፕሮጀክቱ አቅም የለውም። ሰኔ ላይ ካልተከላከለች ማመልከቻው ያልፋታል።

“የሰዓቱን ነገር ውስንነት የሚለው ክፍል ውስጥ በአንድ መስመር ጻፊው” አላት። “አልደበቅሽም። ጽፈሽዋል።”

“ያቺን መስመር ያነበበ ሰው የቀረውን ገጽ ምን ብሎ ያነበዋል?”

“ብዙ ሰው ያቺን ክፍል አያነብም፣ ፋና።”

“ለዚህ እኮ ነው እዚያ ጻፊው የሚሉኝ።”

ይህን ስትነግረኝ ራሷም በመናገሯ የተገረመች ትመስል ነበር። አማካሪዋን እንደዚያ ተናግራው አታውቅም። ብሥራት ሥዕሎቹን ሰብስቦ እንደነበሩ አስተካከላቸው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና፣ “እሺ፤ ሐምሌን እንጠብቃለን” አላት። ሁሉንም ዘረመል ማስነበብ ባይቻልም፣ የበሩን ዘረመልና ጥቂት ሌሎችን ብቻ ባሕር ዳር ባለው ትንሽ መሣሪያ መለካት ይቻላል አለ። ከሺዎች ወደ እፍኝ መውረድ ነው። የሰኔው መከላከያ ተሰረዘ።

የቀረው መሬቱ ነበር። አበረ ለዚያ ክረምት የዲከረንስ ችግኝ አስመጥቶ ጥላ ሥር ደርድሯል። ፋና ደውላ ስትጠይቀው መጀመሪያ ስለ ሕፃኗ ጠየቃት። ኋላ ላይ፣ “ይህ ክረምት ብቻ” አላት። “ከዚያ ወዲያ ዘረመልም ቢሆን ከሰል ነው።” ችግኙን ወደ ሌላ ተዳፋት ወሰደው፤ ከፊሉም እዚያ ደረቀበት። ይህን ለእሷ ማንሳቱን አልሰማሁም።

በ2010 ሐምሌ ቀኑን የመረጡት አብረው ነው። ፋና ተክሉ የሚደርስበትን ሳምንት ተናገረች፤ አበረ ከሳምንቱ ውስጥ በዓላቱን አወጣ፤ በቀረው ቀን ተስማሙ። አስማረም ነበረ። ከሁለቱ ማሳ አንድ ትልም ከዚህ፣ አንድ ትልም ከዚያ እያፈራረቁ ንጋት ላይ አወጡት። ፋና ራሷ ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ ሥሩን ታጥብ ነበር፤ ብርዱ ጣቶቿን ስላደነዘዘባት መቀሱን ለአስማረ ሰጠችው። አስማረ እየቆረጠ፣ ዘንድሮስ ሥሩ ምን ሊያሳብቅብን ይሆን አለ። አበረ፣ አንተ ቁርስ ሳትበላ መምጣትህን ይናገር ይሆናል አለው።

ልኬቱ በጥቅምት ተጠናቀቀ። የበሩ ዘረመል ኮምጣጣው ማሳ ውስጥ ከኖራው ይልቅ ነቅቷል፤ ብዙ ግን አይደለም። ጥቁሩ ገብስ ያለው መከላከያ ይህ ብቻ ሊሆን አይችልም፣ ሌላውን ለማወቅ ደግሞ እሷ የሌላት መሣሪያ ያስፈልጋል። እንዲሁ ብላ ጻፈችው። በጥር 2011 ተከላከለች። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ያን ያህል መረጃ እያለሽ ለምን በጥቂት ዘረመል ጻፍሽ ብሎ ጠየቃት፤ ምክንያቱን ነገረችው። ማስታወሻ ያዘ። ውጤቷ ጥሩ የሚባል ነበር።

የእንጅባራው ቦታ በዚያን ጊዜ በሌላ ሰው ተይዟል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማስታወቂያ ይወጣል ተብሎ ነበር፤ እኔ ዳንግላን እስከለቀቅሁ ድረስ አልወጣም። ይሄይስ ለቤቱ አስቀድሞ የሰጠው ቀብድ ሳይመለስለት ቀረ፤ ለጥቂት ጊዜ አኩርፎ ተወው። ፋና አሁንም እዚያው ታስተምራለች ብለው በቅርቡ አንድ የድሮ ባልደረባችን ነግረውኛል።

ለመጨረሻ ጊዜ አብሬያት የተቀመጥሁት ዳንግላን በለቀቅሁበት ዓመት በመጋቢት ነው። የመጀመሪያውን ክረምት መረጃ ልትጥለው አልፈለገችም። ስለ አፈሩ ምንም ባይናገርም ስለ ገብስ ሥር ምሽትና ንጋት ይናገራል፤ ያንን የሚፈልግ ሰው አንድ ቦታ ይኖራል ብላ፣ ዓለም ሁሉ የዘረመል ንባቡን በይፋ ወደሚያስቀምጥበት ማከማቻ እየላከችው ነበር። ማከማቻው ስለ እያንዳንዱ ናሙና ይጠይቃል፤ ተክሉ፣ ቦታው፣ ቀኑ። ሰዓቱን የሚጠይቀው ሣጥን ካልፈለጉ ባዶ ሊተው ይችላል። እዚያ መረጃ ካስቀመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ባዶ ትተውታል።

እሷ ሞላችው። ለአንዱ ማሳ ሐምሌ 18 ጀምበር ስትጠልቅ፣ ለሌላው ሐምሌ 20 ጎሕ ሲቀድ። ሁለቱ ለምን በአንድ ቀን እንዳልሆኑ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረች፤ በመካከሉ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ስለነበረ መሬት አልተቆፈረም። ይህ በሳይንስ ማከማቻ ውስጥ ይጻፋል ወይ ብላ ተጠራጥራ መጀመሪያ ለዶክተር ብሥራት ላከችለት። መልሱ እኔ እያለሁ መጣ። ሐምሌውን ወደ ጁላይ ለውጪው፣ ሌላው ይቆይ ይላል። ለወጠችውና ላከችው። ኔትወርኩ ዝግ ያለ ስለነበረ ፋይሉ እስኪሄድ አብረን ጠበቅን፤ ደወል ሲደወል ገና ግማሹ አልሄደም ነበር። ላፕቶፑን ክፍት ትታው ወደ ክፍል ገባች።